«እናት» የሚለው ቃልና ዕዳው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ርዕስ ሁላችንም አፋችንን ስንፈታ ከምንላቸው የመጀመሪያዎቹ ቃላት አንዱን ይመለከታል። ይኸውም «እናት» የሚለው ቃል ነው። ስለ እናት ሐቅ ብዙ ተብሏል፤ በየመስጊዱ ኹጥባ ይደረግበታል፣ በየመድረሳው ለልጆች ይነገራል። እኛ ግን ዛሬ በሌላ በር ልንገባ ወደድን። ቃሉ ራሱ ምን ምን ይዟል? ከእኛ በፊት የነበሩት ለማን ሰጡት? ለማንስ ነፈጉት? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን ወደ ጅማና በዙሪያዋ ወዳሉት የቡና ከተሞች እንጓዛለን፤ በመንገዳችንም ወደ መካና መዲና ደርሰን እንመለሳለን።

ወደ ጅማ፣ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት የሄደ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። አንድ ወጣት ፈጽሞ የማያውቃቸውን አሮጊት መንገድ ላይ ሲያገኝ «አዮ» ብሎ ይጠራቸዋል፤ እናቴ ማለቱ ነው። አማርኛ ተናጋሪውም «እማማ» ይላቸዋል። እርሳቸውም በፊናቸው «ልጄ» ብለው ይመልሱለታል። ሁለቱ ሰዎች የሥጋ ዝምድና የላቸውም፤ ስም አይተዋወቁም። ነገር ግን በአንድ ቃል ዝምድና ተፈጠረ፤ ከዝምድናውም ጋር ግዴታ ተፈጠረ። ሸክማቸውን ሊያግዛቸው፣ መንገድ ሊለቅላቸው፣ በፊታቸው ድምፁን ዝቅ ሊያደርግ ይገባዋል። እንግዲህ በዚህ አገር «እናት» የሚለው ቃል ለወለደች ብቻ የተቀመጠ አይደለም ማለት ነው።

ቃሉ በቋንቋዎቻችን ውስጥ ረጅም ዕድሜ አለው። በግዕዝ «እም»፣ በዓረብኛ «ኡም»፣ በዕብራይስጥ «ኤም» ሲባል ሦስቱም አንድ ሥር እንዳላቸው ያስታውቃሉ። አማርኛችንም ይህንን የጥንት ቃል በሌሎች ቃላት ውስጥ ሸሽጎ አቆይቶታል። «እመቤት» ስንል የቤት እናት ማለታችን ነው። አራስ ሴት «እመጫት» ትባላለች። «እማወራ» ስንልም የወራው ማለትም የቤተሰቡ እናት ማለታችን ነው። «አባወራ» የቤተሰቡ አባት እንደሆነው ሁሉ ማለት ነው።

በዓረብኛ ደግሞ ቃሉ ከቤት ወጥቶ በጣም ሰፊ ቦታ ይዟል። የአንድ ነገር ምንጭ፣ መሠረት፣ ሌላው ሁሉ ተመልሶ የሚሰበሰብበት ነገር «ኡም» ይባላል። በቁርአን ውስጥ የመጽሐፉ መሠረት «ኡሙል ኪታብ»፣ መካ ደግሞ የከተሞች እናት ማለትም «ኡሙል ቁራ» ተብላለች። ሱረቱል ፋቲሓም «ኡሙል ቁርአን» ትባላለች። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤቶች የምእመናን እናቶች እንደሆኑ በሱረቱል አሕዛብ ተነግሯል። «ኡማ» የሚለውን ታላቅ ቃል እንኳ የቋንቋው ሊቃውንት ከዚሁ ሥር ሥር አስቀምጠውታል። አንድ ኡማ ነን ስንል የአንድ እናት ልጆች የመሆንን ስሜት የሚያስታውስ ቃል እየተጠቀምን ነው።

አሁን ወደ ጅማ እንመለስ። በኦሮምኛ እናት «ሃዳ» ትባላለች። ባል ሚስቱን ለሌላ ሰው ሲያስተዋውቅ «ሃዳ ወራ» ይላል፤ የቤተሰቡ እናት ማለት ነው። አማርኛው «እማወራ» ሲል ቃል በቃል ይኸው ነው፤ አጠቃቀማቸው ግን ተለያይቷል። በጅማ ገጠር «ሃዳ ወራ» ከባሏ ጎን ያለች ሚስት ናት። በቀበሌ መዝገብ ላይ «እማወራ» የምትባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች፣ ቤቱን ብቻዋን የተሸከመች ሴት ናት። ይህን ልዩነት አድማጮቻችን በልባቸው ይያዙልን፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ባል ሚስቱን በእናት ስም መጥራቱ ሸሪዓ የከለከለው ዚሃር አይሆንም ወይ? አይሆንም። ዚሃር ማለት በጃሂሊያ ዘመን የነበረ ልማድ ነው። ሰውየው ሚስቱን ሲጠላ አንቺ ለእኔ እንደ እናቴ ጀርባ ነሽ ይላትና እርም ያደርጋታል። ከዚያ በኋላ ሚስቱ አትሆን፣ ተፈትታ ሌላ አታገባ፤ ተንጠልጥላ ትቀራለች። «ሃዳ ወራ» ግን የእኔ እናት ሳይሆን የቤቱ እናት ማለት ነው፤ ሴቲቱን ከፍ የሚያደርግ እንጂ የሚጥል አይደለም።

የዚሃር ታሪክ ግን ለዛሬው ርዕሳችን ትልቅ ትምህርት አለው። ኸውላ ቢንት ሠዕለባ (ረ.ዐ) ባለቤቷ አውስ ኢብኑ ሷሚት ይህንን ቃል በተናገራት ጊዜ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሄዳ ተከራከረች፣ ለአላህም አቤት አለች። ክርክሯ ከሰባት ሰማያት በላይ ተሰማና የሱረቱል ሙጃደላህ መጀመሪያ ወረደ። መልእክቱም ሚስት በአፍ ቃል እናት እንደማትሆን፣ እናት የወለደች እንደሆነች፣ እንዲህ ያለው ንግግር የተጠላና ሐሰት መሆኑን የሚገልጽ ነው። ይህን የተናገረ ሰው ወደ ሚስቱ ለመመለስ ከፈለገ መጀመሪያ አንድ ባሪያ ነፃ ያወጣል፤ ካላገኘ ሁለት ወር አከታትሎ ይጾማል፤ ካልቻለ ስልሳ ድኾችን ያበላል። ልብ በሉ! እናት የሚለውን ቃል ሴትን ለመጉዳት የተጠቀመ ሰው የመጀመሪያ ቅጣቱ ባሪያ ነፃ ማውጣት ነው። ይህንንም በልባችሁ ያዙልን።

ወላጅ እናት ብቻ እናት ናት ከተባለ ታዲያ ያጠባችስ? ቁርአን በሱረቱ ኒሳእ ያጠቡ ሴቶችንም እናቶች ብሎ ጠርቷቸዋል፤ ጋብቻን በመከልከል ረገድም እንደ ወላጅ እናት አድርጓቸዋል። ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ሐሊማ አስ-ሰዕዲያ (ረ.ዐ) አጥብታቸዋለች። በእኛም አገር ጡትና እናትነት የተሳሰሩ ናቸው። በኦሮምኛ ጡት «ሐርማ» ሲባል እናት ደግሞ በፍቅር ስትጠራ «ሐርሜ» ትባላለች። «ሐርመ ሆዳ» የሚባል ልማድም ነበር። ባዕድ የሆነ ሰው የጡት መጥባት ምልክት ፈጽሞ የቤተሰቡ ልጅ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ደሙ ደማቸው ነው። በአማራውም አገር «የጡት ልጅ» የሚባል ተመሳሳይ ልማድ ነበር። በሸሪዓ ዘንድ ዝምድናን የሚያጸናው በሕጻንነት የሆነው ጥቢ ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት አይገባም። ሆኖም ቀደምቶቻችን አንድ ነገር በደንብ እንደገባቸው እናያለን። ባዕድን ወገን ለማድረግ ከእናት የበለጠ በር እንደሌለ ተረድተው ነበር።

ከቤት ወደ ቤተ መንግሥት እንለፍ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግቤ ወንዝ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ። እነርሱም ሊሙ-እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጅማና ጌራ ናቸው። በጊዜ ሂደት የአምስቱም ነገሥታት እስልምናን ተቀብለዋል። የነገሥታቱ ሚስቶችና እናቶች «ጌኔ» በሚል የክብር ስም ይጠሩ ነበር፤ እመቤት እንደማለት ነው። ንጉሡ «አባ» ተብሎ በፈረሱ ስም ሲጠራ፣ ለምሳሌ አባ ጅፋር፣ አባ ጎሞል፣ አባ መጋል ሲባል፣ በጎኑ «ጌኔ» ነበረች።

ይህ ስም ለጌጥ ብቻ አልነበረም። በጌራ ልጇ ገና ልጅ በመሆኑ በእርሱ ፈንታ አገር ታስተዳድር የነበረች ጌኔ ፋ የተባለች ንግሥት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1879 አንቶኒዮ ቼኪና ጆቫኒ ኪያሪኒ የተባሉ ሁለት ጣሊያናውያን ወደ ከፋ ለመሄድ በአገሯ ሲያልፉ አስቁማ ያዘቻቸው። ኪያሪኒ በዚያው ዓመት እዚያው ሞተ፤ ቼኪ ግን በሚቀጥለው ዓመት በጎጃሙ ገዥ በራስ አዳል አማላጅነት ተለቀቀና አገሩ ገብቶ ስለ ጉዞው ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። የአውሮፓ አንባቢ ስለ ጌራ ያወቀው በአንዲት እናት እጅ ወድቆ ከነበረ ሰው ብዕር ነው ማለት ይቻላል።

ከእርሷ ይልቅ በጅማ ሕዝብ ዘንድ የምትታወሰው ግን የዳግማዊ አባ ጅፋር እናት ጉሚቲ ናት። ስሟ በኦሮምኛ አነጋገር «የጉማዋ» ከሚለው ጋር ይገጥማል። አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 አባቱ አባ ጎሞል ሲሞት ዙፋን ላይ የወጣው ገና በወጣትነቱ ነበር። በዚያን ጊዜ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጉልበት እየበረታ ነበር። በ1882 እ.ኤ.አ. በእምባቦ ጦርነት የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ካሸነፉ በኋላ የግቤ አገሮች በር ተከፈተላቸው። ወጣቱ ንጉሥ ሁለት መንገድ ነበረው፤ መዋጋት ወይም መገበር። በጅማ ታሪክ እንደሚነገረው ልጇን አትዋጋ፣ ገብር፣ አገርህን አድን ብላ የመከረችው እናቱ ናት። እርሱም ምክሯን ሰማ። ጅማ በየዓመቱ ግብር እየከፈለች የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ ቀረች። አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1932 እስኪሞት ድረስ ጅማ በራሷ ንጉሥ ስትተዳደር ቆየች። መስጊዶቿና የዑለማ መቀመጫዎቿም ለምለም ሆነው ቆዩ። የተዋጉት ጎረቤቶች ምን ያህል ዋጋ እንደከፈሉ ላወቀ ሰው የዚህች እናት ምክር ምን እንዳተረፈ መገመት አያስቸግርም።

ውድ አድማጮቻችን፣ እዚህ ላይ ብናቆም ያማረ ታሪክ ይሆንልን ነበር። ነገር ግን እውነቱን ሙሉ በሙሉ ካልተናገርን ቃሉን አታለልነው ማለት ነው። ከጅሬን ቤተ መንግሥት ዝቅ ብሎ ዛሬ የጅማ ከተማ የተቆረቆረበት ሂርማታ የሚባል ገበያ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከነበሩት ገበያዎች ሁሉ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። ቡና፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይሸጥበት ነበር። ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከከፋ፣ ከእናርያና ከሌሎችም አገሮች የተማረኩ ሴቶችና ሕጻናት በዚህ በኩል አልፈው ወደ ጎጃምና ወደ ሸዋ፣ ከዚያም ወደ ምፅዋና ወደ ታጁራ ወደብ ይነዱ ነበር። ነጋዴዎቹ ከእኛው መካከል ነበሩ። ይህን ሸፋፍነን ማለፍ አይገባንም።

ጅሬን ላይ አንዲት እናት «ጌኔ» ተብላ ስትከበር፣ ከኮረብታው ሥር ሌላዋ እናት ከልጇ ተነጥላ ዋጋዋ ይቆረጥ ነበር። ሁለቱም እናቶች ነበሩ። አንደኛዋን ቃሉ አገኛት፤ ሁለተኛዋን ግን ነፈጓት።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ እነዚያ ነጋዴዎች የሚከተሏቸው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ለማን «እናቴ» ይሉ እንደነበር ስናስታውስ ነው። በረካ የምትባል ሐበሻዊት ነበረች፤ በኋላ ኡሙ አይመን በሚል ስም የታወቀችው (ረ.ዐ)። በአባታቸው በዐብደላህ ቤት የነበረች ባሪያ ናት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው አሚና በአብዋእ ስትሞት ሕጻኑን ይዛ ወደ መካ፣ ወደ አያታቸው ወደ ዐብዱል ሙጦሊብ የመለሰችው እርሷ ናት። አደጉ፤ ነፃ አወጧት። ከእናታቸው ቀጥላ እናታቸው እንደሆነች ይናገሩ ነበር፤ ቤቷም ሄደው ይጠይቋት ነበር። ልጇ ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ገና በወጣትነቱ ታላላቅ ሶሓቦች ያሉበት ጦር አዛዥ ሆኖ ተሹሟል። የእኛ አገር ሴት፣ በባርነት የነበረች፣ ከሰው ሁሉ በላጩ «እናቴ» ያላት!

ሕጉም እንዲሁ ነው። ከጌታዋ ልጅ የወለደች ባሪያ «ኡሙ ወለድ»፣ የልጅ እናት ትባላለች። አብዛኞቹ ፉቀሃእ እንደሚሉት ከዚያ በኋላ አትሸጥም፤ ጌታዋ ሲሞትም ነፃ ትወጣለች። እናት የሚለው ቃል ለእርሷ የክብር መጠሪያ ብቻ ሳይሆን የነፃነት ወረቀት ነበር። እናትን ከልጇ የለየ ሰው በትንሣኤ ቀን ከሚወዳቸው እንደሚለይ የሚያስጠነቅቅ ሐዲስም ቲርሚዚ ዘግበዋል። ታዲያ የሂርማታ ነጋዴ ይህን አልሰማም ነበርን? ምናልባት ሰምቶ ይሆናል። ቃሉን ያውቀዋል፤ ዕዳውን ግን አልከፈለም።

ከእነዚያ ከተነጠቁት ሕጻናት አንዷን ታሪክ በስም ያውቃታል። አስቴር ጋኖ ትባላለች። ከሊሙ አካባቢ በባርነት ተወስዳ ወደ ዓረብ አገር በመርከብ ስትጓዝ እ.ኤ.አ. በ1886 መርከቧ በቀይ ባሕር ላይ ተይዛ ነፃ ወጣች። ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብታ ተማረች። ከዚያም በሕጻንነቷ የሰማቻቸውን የኦሮምኛ ቃላት፣ ተረቶችና ምሳሌዎች ሰብስባ ጻፈች። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ በ1894 እ.ኤ.አ. ታተመ። መንገዷ ከእኛ መንገድ የተለየ ቢሆንም ታሪኳ ስለ እናት የሚያስተምረን አለው። ብዙ ቋንቋዎች «የእናት ቋንቋ» የሚሉትን አማርኛ «የአፍ መፍቻ ቋንቋ» ይለዋል። የዚያችን ልጅ እናት ሊወስዱባት ችለዋል፤ አፏን የፈታችበትን ቋንቋ ግን ሊወስዱባት አልቻሉም።

በኢትዮጵያ ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ዛሬ ሂርማታ ላይ ሰው አይሸጥም፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን እናት የሚለውን ቃል እየተናገሩ ዕዳውን አለመክፈል ከአገራችን ጠፍቷልን?

የቡናውን ነገር እንይ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ታየና ማሳዎችን ጨረሰ። የጅማው መልኮ የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በየጫካው እየዞሩ በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች ፈለጉ። እንዲህ ዓይነቱን ዛፍ «እናት ዛፍ» ይሉታል። ከእነዚያ እናት ዛፎች በ1974 እ.ኤ.አ. ከተመረጡት የተገኙት ልጆች 741፣ 74110፣ 74112 እየተባሉ ዛሬም በገበሬው ማሳ ላይ ይገኛሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተመረጡበትን ዓመት የሚያስታውሱ ናቸው። ልጆቹ በቁጥር ይታወቃሉ፤ እናቲቱን ማንም አይጠይቃትም።

በማሳው ላይም እንዲሁ ይሆናል። ቡናውን የምትለቅመው፣ የምታሰጣው፣ ዝናብ ሲመጣ የምትሰበስበው እናት ናት። አባወራው ሲሞት ግን ወንድሞችና የባል ዘመዶች ማሳውን ተካፍለው እርሷን «አንቺ እናታችን ነሽ፣ እኛ እንጦርሻለን» ብለው ባዶ እጇን የሚያስቀሩ አሉ። ይህ ንግግር ጣፋጭ ነው። ግን እናት የሚለውን ቃል ሴትን ለማንጠልጠል መጠቀም የማን ልማድ እንደነበር ከላይ ሰምተናል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ ድርሻዋን በቁጥር አስቀምጦላታል። ባሏ ልጅ ትቶ ከሞተ ስምንተኛውን፣ ልጅ ከሌለው አራተኛውን ትወርሳለች። ልጇ ከሞተም ልጅ የተወ እንደሆነ ስድስተኛውን ትወርሳለች። ይህ በጦሪ መልካም ፈቃድ የሚሰጥ ምፅዋት ሳይሆን ሐቅ ነው። «ሃዳ ወራ» የነበረችው ሴት ባሏ በሞተ ማግስት በመዝገብ ላይ «እማወራ» ተብላ ስትጻፍ ስሟ ብቻ ሳይሆን ድርሻዋም አብሮ ሊጻፍላት ይገባል።

አንድ ሰው ለመልካም አብሮነቴ ከሰው ሁሉ የሚገባው ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ጊዜ እናትህ ብለው በአራተኛው አባትህ እንዳሉት ሁላችንም ሰምተናል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሦስት ጊዜ የተደገመ ቃል ለአፍ ማጣፈጫ የተነገረ አይደለም።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ ነገ መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት አግኝተን «አዮ» ወይም «እማማ» ስንል ምን እንደተናገርን እናስብ። ጉሚቲን የመሰለች መካሪ፣ ኡሙ አይመንን የመሰለች አሳዳጊ ልትሆን ትችላለች። ሂርማታ ላይ ከተሸጡት የአንዷ የልጅ ልጅም ልትሆን ትችላለች። ቃሉን ከሰጠናት ሐቁንም እንስጣት። በሕይወት ያሉትን እናቶቻችንን የምንጠይቅ፣ ለሞቱት ዱዓእ የምናደርግ፣ የወራሾችን ድርሻ የማንነካ አላህ ያድርገን። ስማቸው ሳይጠራ ከልጆቻቸው የተለዩትን እናቶች ሁሉ አላህ ይዘንላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።